አምስት ጓጉንቸር ያለው ላንድሮቨር

ልጄ ዓሊማ ከሞተች ዛሬ ሳምንቷ ነው። ሦስት ዓመቷ ነበር።

እንዴት አደርክ ጀላል? ሱቁን ዘግተህ መጣህ? ደግ አደረግህ፤ ለጁምዓም ገና ነው። ኧረ ምን ዓይነት ብርድ ነው እባክህ… የአቀስታ ንፋስ መንገድ ጠፍቶት መካነ ሰላም የገባ ይመስላል። ገብሱስ እንዴት ነው? ደጎሎ በኩል ውርጭ መታው ሲሉ ሰማሁ። የእናንተ ተርፏል? አልሐምዱሊላህ። በል እስቲ ያችን ሞረድ አቀብለኝ። እሷን አይደለም፤ ቀጭኗን። ጉጠቱን ደግሞ እጅህ ላይ ያዝልኝ። መሬት ካስቀመጥነው በኋላ ጠፋ ብለን የሰው ስም እንዳናነሣ።

ይኼን ጓጉንቸር አየኸው? ካንተው ሱቅ የወጣ ነው፣ አይደል? ትልቁ፣ ከጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ዓመት ሙሉ ገዥ ያጣው። ይኸው ገዥ አገኘ፤ የመኪናቸውን የኋላ በር ዛሬ የዘጉት በእሱ ብቻ ነው። ቁልፉ ግን ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷል። እንዲህ የሚሰበረው መቼ መሰለህ? ሰው አንዴ ቆልፎ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ሲያጠብቀው ነው። ብረትም እኮ ይሰለቸዋል።

የሌሎቹ በሮች ቁልፎችስ የት ናቸው ትለኛለህ? ውስጥ ናቸዋ! እንዳይጠፉ ብለው አልጋው ሥር ባለው ሣጥን ቆልፈውባቸዋል። መስበር ደግሞ አይፈቀድም፤ በሩ ይጫራል። "ያንን እጀ ፈጣን ጥሩልኝ" ብለው ነው አሉ ሾፌሩን የላኩት። እጀ ፈጣን… ጥሩ ስም ነው። እኔ እንኳ ዛሬ እጄ ትንሽ ከብዶኛል።

ምን ያስቸኩላል? ባለቤቱ እንደሆኑ እዚያ የስኳር ሣጥንህ ላይ ተቀምጠው ጋራውን እያዩ ነው። የሚታጠፈው ወንበራቸው ተቆልፎበታል። ካፖርታቸውም፣ ብርድ ልብሳቸውም። ሰው ከአሥር ክንድ ላይ ቆሞ፣ የሚያድነውን ነገር በመስታወት እያየ፣ መንካት ሲያቅተው… ደስ አይልም። ግን ይለመዳል። አይዞህ፣ ይለመዳል።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ? እኔ መች ስለ እሳቸው አወራሁ? ወላሂ አላወራሁም! እኔ ላጫውትህ የፈለግሁት ስለ አንድ ሌላ የማውቃቸው ትልቅ ሰው ነው። ሥራው እንዳይሰለቸን ያህል።

እኚህ የማውቃቸው ሰው፣ አላህ ይባርካቸው፣ ጠንቃቃ ናቸው። እኛ እኮ ጥንቃቄ የምናውቅ መስሎን ነበር። ከብት እናስገባለን፣ በሩ ላይ እንጨት እናጋድማለን፣ እንተኛለን። አለማወቅ ነው! እሳቸው መጥተው አስተማሩን። ከአዲስ አበባ ድረስ ቤታቸውን በጎማ አስጭነው መጡ። ላንድሮቨር፣ ከኋላው እንደ ክፍል የተሠራ፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ ሳይቀር ያለው። እኛ ሰው ለሽርሽር ሲወጣ ቤቱን ትቶ የሚወጣ ይመስለናል። ለማን ይተዉታል ታዲያ? ማን ይታመናል?

የኋላው በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር፣ የፊቶቹ ላይ አንዳንድ። አምስተኛው መሪውን ከፍሬን መርገጫው ጋር ባሰረው ሰንሰለት ላይ። ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው ቢያዩት "እባክዎ ከበሩ ራቅ ብለው ይቁሙልኝ" ሳይባሉ አይቀሩም። ሾፌሩን በላይን ታውቀዋለህ፤ ጨዋታ አዋቂው። እሳቸው ዘንድ ስምንት ዓመቱ ነው። ቁልፍ በእጁ አድሮ አያውቅም። የሚተኛው መኪናው ሥር ነው፤ ሌባው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን እንዲረግጠው። "በላይ፣ ጌታህ ያምኑሃል?" ብዬ ብጠይቀው ምን አለኝ መሰለህ? "እንዴት አያምኑኝም! አራቱን ጎማ እኮ ለእኔ ትተውልኛል።"

ሳቅ እንጂ። ሰባት ቀን አልሳቅንም።

እኛ ደግሞ የራሳችን ወግ አለን። ከወረኢሉ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን ገበያው መሀል ያራግፋል፤ ሼህ ይማም አይነካም ሲሉ ዱላቸውን ያጋድሙበታል፤ ሰውየው ዘመድ ጠይቆ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። አንዲት ቋጠሮ ጎድላ ታውቃለች? አታውቅም። ለኚህ ሰውም ሼህ ይማም ዱላቸውን ይዘው ሄዱላቸው። በዚያ እርጅናቸው፣ በዚያ ዳገት። እሳቸው ምን አሉ? "ሽማግሌው፣ ዱላዎትም እንዳይሰረቅ ይዘውት ይግቡ።"

ሳቅን። ትልቅ ሰው ሲቀልድ ምን ይደረጋል?

ቤታችን ስንገባ ግን አንጀታችን አረረ። የከተማው ስም ነው የተነካው። በነጋታው ሐሙስ ዱዓ ላይ… አንተም ነበርክ፣ ከእኔ አጠገብ… ሼህ ይማም ምን አሉ? "ባለቤቱ ሳይመጣ የዚህን እንግዳ ንብረት የነካ፣ እጁ አይባረክ፣ ቤቱ አይባረክ።" እኛስ? አሚን። ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ። የቁልፍ ሠራተኛ ነኛ! ምን ቢጠፋ ቀድሞ የሚነሣው የእኔ ስም አይደል? ዓሊማ ጭኔ ላይ ነበረች። ትንሽ ትስል ነበር። እሷም አሚን አለች። ልጅ የሰማውን ነው የሚለው።

ዓርብ ሲነጋ እኚህ ሰው በበቅሎ ወደ ቆላ ወረዱ። ጭሰኞቻቸው ደግሰውላቸው ነበር። መኪና አይገባበትም። መኪናውን ለጓጉንቸሮቹ፣ ጎማውን ለበላይ ትተው ሄዱ። እሳቸው ጋራውን እንደዞሩ የዓሊማ ጉሮሮ ተዘጋ።

እስቲ ዘይት ጠብ አድርግበት። በቃ፣ በቃ።

ድሬሰሩ፣ የክሊኒካችን አስታማሚ፣ አፏን ከፍቶ አየና "መድኃኒቱ እኔ ጋ የለም። ደሴ፤ ዛሬውኑ" አለኝ። የጭነት መኪናው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። በከተማው ያለው መኪና ይኼ ብቻ… ያ ብቻ ማለቴ ነው። የዚያ የሌላው ሰው መኪና። አድማሴ፣ ጎረቤቴ፣ ማረሱን ትቶ ወደ ቆላ ሮጠ። "ይፍቀዱልንና በላይ ይንዳ፣ እኔ እዚሁ መያዣ ልሁን" እንዲልልኝ። እኛ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥን። የኋላው መስኮት መጋረጃ ገርበብ ብሎ አልጋው ይታይ ነበር፤ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት። ዓሊማ ልየው አለችኝ። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አየችው። ቆላ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ሳሰላ መስታወቱን አየሁት። አላደበዘዘችውም። ይኼን ያህል ነበር ትንፋሿ።

ሞረዷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ይህችው። አምስቱን ለመክፈት የአንድ ሶላት ጊዜ አይፈጅብኝም። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ቁልፍ ብቻ ነው። ግን ምን ብያለሁ? አሚን ብያለሁ። ስለዚህ ጠበቅሁ። አየኸኝ፣ አይደል? ልጁ እየታነቀችበት ቃሉን የሚጠብቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሌባ ነው ባሉኝ ሰው ዘንድ፣ ደህና ሰው ነው ልባል ብዬ። እንዴት ያለ ኩራት ነው! ይኼን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ውለታቸው ብዙ ነው።

አድማሴ ከዙህር በኋላ ደረሰ። እግሩ ደምቶ ነበር። ድግሱ ላይ ተቀምጠው ሰሙት አሉ። መልሱ ይኼ ነው፦ "ይህችን ዘዴ አውቃታለሁ። መጀመሪያ የታመመ ልጅ ያመጣሉ፤ ቀጥሎ መኪናው የለም። ምሳዬን በልቼ ስመለስ አየዋለሁ።"

እውነታቸውን ነዋ! አስበው እስቲ ጀላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ አሳድጎ፣ ስም አውጥቶላት፣ አባባ ማለት አስተምሯት፣ መኪናው በሚመጣበት ሳምንት በሽታ የሚያስይዛት ሌባ! ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው? አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሌባ ይኖር ይሆናል። እኛ ጋ ግን እንጃ… አልሠለጠንም።

ሼህ ይማም መልሱን ሲሰሙ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። "ያልኩት ቀርቷል። ኃጢአቱ በእኔ አንገት፤ ክፈት ልጄ" አሉኝ። ከፈትኩ። አምስቱንም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን እጄ ታዞልኝ አያውቅም። ዓሊማን አልጋው ላይ አስተኛናት፤ እናቷ ኑርጃን አጠገቧ ገባች፤ በላይ መሪውን ያዘ፤ ማስነሻውን በሞረዷ ጫፍ አዞርኩለት። ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልተነሣም። ደግሞ ሞከረ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና አንድ ባዶ ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

ከሞተሩ ውስጥ አንዲት አውራ ጣት የማታክል ጥቁር ዕቃ አለች፤ እሳቱን የምታከፋፍል። እሷ ከሌለች ያ ሁሉ ብረት በቅሎ አያክልም። ነቅለው ኪሳቸው ከተዋታል። ስድስተኛዋ ቁልፍ መሆኗ ነው። በላይ ስምንት ዓመት ሲነዳ አያውቅም ነበር። ይኼ ነው ጥንቃቄ! በሙያዬ የፈረንጅም የሐበሻም ቁልፍ አይቻለሁ። ከጌታዋ ኪስ ሆና ቆላ ወርዳ ድግስ የበላች ቁልፍ ግን አልገጠመችኝም።

ምናልባት ብትሄድም ትሞት ነበር። ድሬሰሩ እንዲህ ብሎኛል፤ አንተም ትናንት እንዲህ ብለኸኛል። ይሆናል። ቀኗ የአላህ ነው። ግን እየሄደች ትሞት ነበር ጀላል። እኔ "ደረስን፣ ይኸው ደረስን" እያልኳት፣ ዛፉ ወደ ኋላ ሲሮጥ እያየች። መኪና ወድዳ አልነበር? በቆመ መኪና ውስጥ ነው የሞተችው። ለአሱር ሲጣራ።

ቆይ… ይህች ስባሪዋ ናት። መጣች። ጉጠቱን አምጣ። አትወዝውዘኝ… ይኸው። ወጣች።

ተከፈተ። ገና አትንገራቸው። ትንሽ ይቀመጡ፤ ወጉ አላለቀም።

ያን ዕለት ቀብረናት ስንመለስ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ እኚህ የማውቃቸው ሰው ከቆላ ደረሱ። በቀጥታ ወደ መኪናቸው ሄዱ። አምስቱን ጓጉንቸር በላይ አንድ ድንጋይ ላይ ደርድሮላቸው ነበር። ገብተው ዕቃቸውን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጡ። ሰዉ ብድግ ብሎ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀላቸው። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ራራ። መጡ አልኩ። የኋላ ኋላ ሰው ናቸው አልኩ። ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ያዙ። "አይዞህ" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ እኔ እንዳላፍር ብለው… "አንዲት የሻይ ማንኪያ ጎድላለች" አሉኝ።

እውነትም ጎድላ ነበር። ኑርጃን ለልጅቱ ውሃ ስታደርግላት ማንኪያዋ እጇ ላይ ቀርታ ኖሯል። እንደጨበጠቻት ቀብር ሸኝታ፣ እንደጨበጠቻት ስታለቅስ ነበር። አላወቀችም። ከጣቷ ውስጥ እኔ ነኝ ያወጣኋት። አጥቤ ካልሰጠሁ አለች፤ ታጠበች፤ ሰጠናቸው። እሳቸው ወደ በሩ ብርሃን ወጣ ብለው ገለባብጠው አዩዋት። የራሳቸው ናት። በመሐረብ ጠቀለሏትና ከደረት ኪሳቸው ከተቷት። ያን ቀን መጨረሻ ያደረጉት ነገር ይኼ ነው። ከዚያ ወደ አልጋቸው ሄዱ። አንሶላውን አስቀይረው።

እንግዲህ አሁን ንገራቸው። ተከፍቷል በላቸው። ብርዱ ሳይጎዳቸው ካፖርታቸውን ይልበሱ። ስለ ሥራውም ምንም እንዳያስቡ። መንገዳቸው ሩቅ ነው፤ ሲነሡ ከእኔ ይኼን ምርቃት አድርስልኝ፤ ቃል እንዳታጎድል።

አላህ መንገዳቸውን ያቅናላቸው። ንብረታቸውን የሰው ዓይን አይይባቸው። ልጅ እንደሌላቸው በላይ አጫውቶኛል፤ አላህ ልጅ ይስጣቸው። ሴት ልጅ። ጭናቸው ላይ የምትቀመጥ፣ ያሉትን ሁሉ ደግማ የምትል። ይውደዷት፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይውደዷት። ደግሞም አንድ ቀን፣ በሰው አገር፣ እሷን ታቅፈው የሰው በር ላይ የቆሙ እንደሆነ… አላህ እንደ እሳቸው ያለ ጠንቃቃ ሰው ያጋጥማቸው።