የቦቦ ጉልማድ ኩሬ

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በቫክሽ ሸለቆ ያለን ሰዎች ከጥይት ብናርፍም ከንዳድ አላረፍንም ነበር። በሰላሙ ጊዜ ቤት ለቤት እየዞሩ መድኃኒት ይረጩ የነበሩት ሠራተኞች ተበትነው ቀርተዋል። የጥጥ ማሳው ቦዮች በደለል ተደፍነው ውኃው በየሜዳው ተኝቷል። ሙቀቱ ሲገባ ሰው በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ ማየት የየቤቱ ነገር ሆነ። እኔ የመንደሩ አስተማሪ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ግማሹ ወንበር ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ማስተማር ለምጄ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ፣ በቦዩ ዳር አንዲት ወጣት በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ባልዲ መሬት አስቀምጣ ክንዷን ስታሻሽ አገኘኋት። ቀረብ ብዬ ሳያት የሟቹ የአንጥረኛው የራሂም ልጅ መህሪኒሶ ናት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ከተማ ሄዳ የጤና ትምህርት ተምራ በወረዳችን የወባ መከላከያ ጣቢያ መቀጠሯን ሰምቼ ነበር።

«መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ እያለች።

«ደህና ነኝ ልጄ። ምን ተሸክመሽ ነው እንዲህ የደከመሽ?»

«ዓሣ ነው።»

«ለእራት?»

«ለቦቦ ጉልማድ ኩሬ» አለች።

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። ቦቦ ጉልማድ፣ ማለትም አያ ጉልማድ፣ በመንደራችን ቃሉ የሚከበር፣ ቁጣውም የሚፈራ ሽማግሌ ነው። ኩሬውን የቆፈረው በጦርነቱ የሞተው አንድያ ልጁ ዳቭሮን ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ማንም ሰው ድንጋይ እንኳ እንዲጥልበት አይፈቅድም። ባለፈው ዓመት ከጣቢያው አንድ ሰው ትንኝ የሚበላ ዓሣ ይዞ ቢመጣ በከዘራ አባርሮታል። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሚስቱ ሐኒፋ በንዳድ ሞተች። አሁን ደግሞ ከዳቭሮን የቀረችለት የልጅ ልጁ ኦይኒሶ ታማ ተኝታለች።

«ብቻሽን አትሂጂ፤ አብሬሽ ልምጣ» አልኳት። ባልዲውን ተቀብዬ ያዝሁላት።

ስንደርስ ቦቦ ጉልማድ ከአኻያው ጥላ ሥር በእንጨት መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኩሬው ከእግሩ ሥር ነው፤ ጥልቀቱ ከጉልበት ባያልፍም ሰፊ ነው፤ ዳሩን ሸምበቆ ወርሶታል። የቤቱ መስኮት ወደ ውኃው ይከፈታል። በዚያ መስኮት የልጅቱ ማቃሰት ይሰማል። ሽማግሌው ጤናችንን፣ የዘመዶቻችንን ጤና፣ የማሳውን ሁኔታ አንድ በአንድ ጠየቀ። ዳቦ ቆርሶ ሻይ ቀዳልን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባልዲው የዞረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቦቦ፣ ባለፈው ዓመት የመለሱት ዓሣ ነው» አለች መህሪኒሶ። «ዘንድሮ እኔ ይዤው መጣሁ።»

«ባለፈው ዓመት የመጣውን ወንድ አባረርኩት፤ ዘንድሮ ሴት ላኩብኝ። ሴት እንደማልመታ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች አንገቷን ደፍታ።

የሽማግሌው ጢም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ያን ሁሉ ዓመት ከተማ ተቀምጠሽ የተማርሽው ዓሣ ማዞር ነው? ለትንኝ ዓሣ ካመጣሽ እንግዲህ ለዝንቡም ዶሮ አምጪልኛ።»

«ዝንቡ ኦይኒሶን አላስተኛትም፤ ቦቦ። ያስተኛት ትንኙ ነው።»

«ንዳድ የሚመጣው ከክፉ ነፋስና ካልበሰለ ሐብሐብ ነው። አያቶቻችን ሁሉ የሚያውቁት ይሄንኑ ነው።»

«ኦይኒሶ ዘንድሮ ሐብሐብ በልታለች?»

ሽማግሌው ወደ ማሳው ዞሮ አየ። ሐብሐቡ ገና አበባ ላይ ነበር። እኔም ዓይኔን ወደ ሻይዬ መለስሁ። ሰው ክርክር ሲሸነፍ ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው።

መህሪኒሶ ግን በማሸነፏ የተደሰተች አትመስልም። ከቦርሳዋ ማሰሮ መሳይ ብርጭቆ አውጥታ ከሸምበቆው ሥር ውኃ ቀድታ መጣች። በውኃው ፊት ላይ ስንጥር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ተጋድመው ይታያሉ፤ ብርጭቆውን ስትነካው ተወራጭተው ወደ ታች ወረዱ።

«ቦቦ፣ እነዚህ የትንኝ ልጆች ናቸው። አሁን ክንፍ የላቸውም። ሲያድጉ ይበራሉ። የታመመ ሰው ደም ጠጥተው ሌላውን ሲነክሱ በሽታውን ያስተላልፋሉ። መስኮትዎ ደግሞ እዚሁ ነው።»

«ውኃ ውስጥ ትል መች ጠፍቶ ያውቃል። አባቴም ከነትሉ ጠጥቶ ኖሯል።»

እሷ ከባልዲው አንዲት ዓሣ ጨልፋ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረች። ዓሣዋ የትንሽ ጣት አንጓ ብታክል ነው፤ መልኳም የሚያምር አይደለም፤ አመድማ ናት። ጥቂት ዞረች። ከዚያ አንዱን ዋጠች፣ ሌላውን አስከተለች። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆው ውስጥ ከዓሣዋ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ።

«ርቧት ነው» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ስትጠግብ ትተዋለች።»

«እነዚህ እንቁላል አይጥሉም፤ የሚዋኝ ልጅ ነው የሚወልዱት። በጋውን ሙሉ ይዋለዳሉ። እናትየዋ ብትጠግብ ልጆቿ ይርባቸዋል።»

«በዚህ ውኃ ለሶላት እታጠባለሁ። የዓሣ ኩስ ልትጨምሪብኝ ነው?»

እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት። «ቦቦ፣ ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ ወንዙ ውስጥ ዓሣ የለም እንዴ?»

ዞር ብሎ ገላመጠኝ። «አንተ ደግሞ ከሷ ጋር የዶለትከው መቼ ነው?»

የሰው ልጅ እንዲህ ነው። የሚያቀርበው ምክንያት አንድ በአንድ ሲወድቅበት፣ ከሥር የደበቀው እውነተኛው ምክንያት ብቻ ይቀራል። ቦቦ ጉልማድ የሻይ ስኒውን በዝግታ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ልጄ፣ አንቺ የምትይኝ ገብቶኛል። ድሮም ገብቶኛል። ዓሣውን ብቀበል ምን አልኩ ማለት ነው? ትንኙ ከዚህ ወጣ ማለቴ ነው። ዳቭሮን ይህን ጉድጓድ የቆፈረው እናቱ ከቦይ ውኃ ስትሸከም ወገቧ እንዳይጎብጥ ብሎ ነው። እንግዲህ ሐኒፋን ማን ገደላት ልበል? የልጄ እጅ?»

መህሪኒሶ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች።

«አባቴ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው» አለች። «ብረት የሚያቀዘቅዝበት ገንዳ መስኮታችን ሥር ነበር። ሁልጊዜ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ትንኝ ያስተማሩን ቀን ገንዳው ነው ትዝ ያለኝ። ብዙ ጊዜ እህል አልበላልሽ አለኝ። በኋላ ግን ሳላውቅ ያደረግሁት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።»

«አንቺ አላወቅሽም» አለ ሽማግሌው። «እኔ ግን ተነግሮኝ ነበር። ሰውየው በሩ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። በከዘራ አባረርኩት። ሐኒፋ እዚያ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።»

ይህን የሚያክል ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መህሪኒሶ የሚያጽናና ውሸት ልትነግረው ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን እነግረው ነበር። እሷ ግን አልነገረችውም።

«እሱን ከላይዎ ላነሳልዎ አልችልም፤ ቦቦ» አለች። «ዳቭሮን ውኃ ነው ያወጣው፤ እሱ ጥፋት የለበትም። እትዬ ሐኒፋም አትመለስም። ኦይኒሶ ግን እዚያ መስኮት ሥር ተኝታለች። ጣቢያው የሚሰጣት ክኒን ያሁኑን ሕመም ያድንላታል። የሚመጣውን ትንኝ ግን ክኒኑ አይከለክልላትም።»

ልጅቱ ከውስጥ ውኃ ስትል ተሰማ። ሽማግሌው ተነሥቶ ገባ። ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሁለታችንንም ሳያየን ባልዲውን አነሣ።

«በየት በኩል ነው የሚለቀቁት?»

«በጥላው በኩል። መጀመሪያ ከኩሬው ውኃ ባልዲው ላይ እየጨመሩ ያለማምዷቸው፤ ድንገት ከገቡ ይደነግጣሉ። ሸምበቆውም መታጨድ አለበት፤ የትንኙ ልጅ እዚያ ከተሸሸገ ዓሣው አያገኘውም።»

ተንበርክኮ እንዳለችው አደረገ። ዓሣዎቹ ወጥተው በተበተኑ ጊዜ ያለው ነገር ቢኖር «በጣም ትናንሽ ናቸው» የሚል ብቻ ነው። ማጭዱን ይዞ ወደ ሸምበቆው ሄደ። እርዳታችንን አልፈለገም።

ያ በጋ በሰላም አለፈ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ንዳዱ የሌሎቹ ኩሬና ያልተጠረገው ቦይ ስላለ ሌላ ሁለት ቤት አስለቅሷል። ኦይኒሶ ክኒኗን እስከ መጨረሻው ወስዳ ዳነች፤ ሆኖም ገርጥታና ከስታ ነው የተነሣችው፤ ከእኩዮቿ ጋር ለመሮጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ነገር ግን በቦቦ ጉልማድ ደጅ ማታ ማታ ይሰማ የነበረው የትንኝ ጩኸት ቀነሰ። ጎረቤት ይህን አስተዋለ። በቀጣዩ ዓመት ሰዎች ባልዲ እየያዙ ከዚያ ኩሬ ዓሣ ሊጠይቁ መጡ። ሽማግሌው ለሁሉም ይሰጣል፤ ሲሰጥም መህሪኒሶ የነገረችውን ይደግማል፤ ዳሩን አጽዱ፤ አጎበር ዘርጉ፤ የታመመውን ቶሎ ወደ ጣቢያ ውሰዱ፤ ዓሣውን በዝግ ኩሬ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትጨምሩ፤ የሌላውን ዓሣ ዘር ያጠፋል። ከዚያ ወዲያ በመንደራችን በንዳድ የተቀበረ ሰው ጥቂት ነው። ክፍሌም ሞላ።

ሰዎች ሲመርቁት ግን ቦቦ ጉልማድ ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ለተማሪዎችህ ስለ ዓሣዎቹ ታስተምራለህ አሉ።»

«አዎ፣ ቦቦ።»

«ስለ ሐኒፋስ ትነግራቸዋለህ?»

«እሱንስ አላነሣም» አልኩት። እሱን ማክበሬ ነበር።

ከዘራውን ተደግፎ ጥቂት አሰበ።

«ንገራቸው» አለ። «ኩሬው የማን እንደሆነ፣ ማን መጥቶ እንደነበር፣ ማን እንዳባረረው፣ ከዚያ ማን እንደሞተ፣ ስሜን ጠርተህ ንገራቸው። ዓሣውን ብቻ ከሰሙ ጨዋታ ይመስላቸዋል።»