ወረቀቱና ሚዛኑ

ከሂርና ወደ አሰበ ተፈሪ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አንድ ደብተር ገልጠው አጠገባቸው ላለው ወጣት አሳዩት።

“የተማርክ ትመስላለህ። ልጄ የጻፈው ምንድነው?”

“የውድድር መኪና ክብደት ነው፣ አባባ። በዚህ በኩል ፋብሪካው የተናገረው፣ በዚህ በኩል የመጽሔት ሰዎች ራሳቸው የመዘኑት።”

“አንድ አይደለም?”

“አይደለም። ፋብሪካው ቀላል ነው ይላል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ይከብዳል።”

“ምነው ይዋሻል?”

“ቀላል መኪና ይፈጥናል። ገዢ እንዲወደው ነው።”

“ወላሂ፣ የልጄ ደግሞ ግልባጩ ሆነ።”

“እንዴት?”

“ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምሉ ከሃምሳ ኪሎ በታች አንወስድም አሉ። የሱን ሃምሳ ሁለት ብለው ጻፉ። እኔ ወስጄ በቡና ነጋዴው ሚዛን ላይ አቆምኩት። አርባ ሦስት።”

“አልነገሯቸውም?”

“ነገርኳቸው እንጂ! ወረቀቱ ነው ትክክሉ አሉኝ።”

“አሁን የት ነው?”

“ከግንባር የመጣልኝ ሻንጣው ብቻ ነው። ደብተሩን ከውስጡ አገኘሁት።”

ጭኔ ላይ የተኛችው ልጄ ከብዳኝ ነበር፤ አሰበ ተፈሪ እስክንገባ ግን አላወረድኳትም።