የካርቶኑ ሞተር

ፓክ ሎንግ ባሃሩዲን ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ለሚስታቸው የነገሯቸው ዓሣ ገበያ እንደሚሄዱ ነበር። የተገኙት ግን ከኢፖ ከተማ ዳር፣ ግማሽ መኪና ከሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ነው። ግማሽ መኪና ሲባል ለጨዋታ አይደለም። ከጃፓን በመርከብ የሚመጣ፣ ወገቡ ላይ እንደ ዳቦ የተገመሰ፣ ሞተሩና ካምቢዮው፣ ሽቦው ሳይቀር የተሟላለት የመኪና ፊት ነው። መኪናው ያረጀበት ሁሉ አዲስ ልብ የሚፈልግለት እዚያ ነው።

ሽማግሌው አንድ ግዙፍ ባለ ስድስት ፒስተን ሞተር ፊት ቆመው፣ ቀብድ ለመስጠት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ከኋላቸው የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ።

«ፓክ ሎንግ! ዓሣ እዚህ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

ዞር ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ኢዛቲ ናት። በአገራቸው አጠራር ታላቅ አጎት «ፓክ ሎንግ»፣ ሚስቱ ደግሞ «ማክ ሎንግ» ይባላሉ። በቴክኒክ ኮሌጅ ስለ መኪና የምታስተምር መምህርት ስትሆን፣ ተማሪዎቿ እየፈታቱ የሚማሩበት አሮጌ ካምቢዮ ልትፈልግ መምጣቷ ነበር።

«ዓሣ ያልኩትን ማን ነገረሽ?»

«በእናንተ ቤት በኩል ሳልፍ ማክ ሎንግ ናቸዋ! ድስት ጥደው እየጠበቁዎት ነው።»

የግቢው ባለቤት፣ ሰው ሁሉ «ታውኬ» እያለ የሚጠራው ነጋዴ፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ፓክ ሎንግ፣ ይሄኛው ዓሣ ደግሞ እስከ ቀትር አይቆይም። ጥሩ ግማሽ መኪና ቶሎ ነው የሚነሣው።»

ነገሩ ግን ለሽማግሌው ከሣቅ በላይ ነበር። በወጣትነታቸው፣ ገና ባቡር ነጂ ሳሉ የገዟት ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ዝገቷን በየዓመቱ በገዛ እጃቸው እየፋቁ፣ ላሜራዋን እያቃኑ አኑረዋት ሳለ ባለፈው ዝናብ ወራት ሞተሯ ተሰነጠቀ። ከሐጅ በዓል በኋላ ደግሞ ልጃቸው ሪድዋን ኮታ ባሩ ከተማ ያገባል። የሙሽራው አጀብ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ፣ ሙሽራውን ከጎናቸው አስቀምጠው በዚያች መኪና ፊት ፊት እንደሚመሩ ለዘመድ ሁሉ ተናግረዋል። ዘመድ ፊት የተነገረ ቃል ደግሞ እንደማይታጠፍ ማንም ያውቃል።

«ይገባል ወይ ግን?» አለች ኢዛቲ ሞተሩን ዞር ዞር ብላ እያየች።

«ለክቼዋለሁ።»

«በምን?»

ፓክ ሎንግ አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩአት። «በስንዝር። ይገባል። እምቢ ያለው ይቆረጣል! አገሩ ሁሉ የሚሠራው እንደዚህ አይደል? መጀመሪያ ይገዛል፣ ከዚያ ይቆረጣል።»

«ፓክ ሎንግ፣ ባቡር ሲነዱ ከባዱን ሎኮሞቲቭ በየትኛውም ድልድይ ላይ ያሳልፉት ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ! ድልድዩ የሚችለው ክብደት መታወቅ አለበት እንጂ።»

«መኪናዎትስ ምን ይችላል?»

የራሳቸው ሙያ በሽማግሌው ላይ መሰከረ። ኩራታቸው ግን አልተኛም። «ድልድይ ሌላ፣ መኪና ሌላ። ጉልበት ካለ ሌላው ይከተላል። ሎኮሞቲቩ ሲጎትት የቀረ ፉርጎ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው የዛሬን ከሰዓት ብቻ ይስጡኝ። እንደማይገባ አሳይዎታለሁ፤ ከተሸነፍኩ ብየዳውን ራሴ እይዝልዎታለሁ።»

ታውኬ እጁን አወዛወዘ። «እስከ ማታ አቆይላችኋለሁ። እናንተ ስትከራከሩ መስማት ራሱ ይበቃኛል።»

ኢዛቲ ሜትሯን አውጥታ ሞተሩን ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ጭስ ማውጫው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የዘይት መያዣው ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ ለካች። ከዚያ ወጥታ ከአንድ ሱቅ ማቀዝቀዣ የመጣባቸውን ባዶ ካርቶኖች ለምና በመኪናዋ ጫነች።

ቤት ሲደርሱ ማክ ሎንግ በር ላይ ቆመው ካርቶኖቹን አዩ። «ይሄ ነው ዓሣው?»

«ቆይ እስቲ፣ አንቺ ደግሞ» አሉ ባልየው።

የተሰነጠቀው ሞተር ወጥቶ የመኪናዋ አፍ ባዶውን ነበር። ኢዛቲ ካርቶኖቹን በልኩ እያጠፈችና በፕላስተር እያጣበቀች የሞተሩን መጠን የሚያክል ነገር ሠራች። ካርቶን ይሁን እንጂ ካምቢዮ አለው፤ የጭስ ቱቦም አለው። የጎረቤት ሰዎች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ባሃሩዲን፣ ይሄኛው ነዳጅ አይፈጅም!» አለ አንዱ።

«ዝናብ እንዳይነካው ብቻ» አለ ሌላው።

ኢዛቲ መቀሱን ለአጎቷ ሰጠች። «ራስዎ ያስገቡት። እምቢ ያለውን ይቁረጡ። አንድ ነገር ብቻ፤ ካርቶኑ ብረት ነው ብለን ነው የምንጫወተው። ሞተር ደግሞ በመቀስ አይቆረጥም። ካርቶኑን በቆረጡበት ሁሉ ከመኪናዋ ላይ የነካውን ነገር ነው የቆረጡት።»

ፓክ ሎንግ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። ካርቶኑ በግራ በኩል የመሪውን ዘንግ ነካ፤ ቆረጡ። ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርጉት የፍሬኑን ማገዣ ክብ ጣሳ ነካ፤ ቆረጡ። ወደ ፊት ሳቡት፤ ራዲያተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ጨርሶ ወሰደው፤ እዚያም ቆረጡ። ከሥር የዘይቱ መያዣ ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው ብረት ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ኮፈኑን ሊዘጉ ቢሞክሩ ኮፈኑ እንደተከፈተ የአዞ አፍ ቀረ። ከአጥሩ ላይ የሚስቅ አልነበረም። ሁሉም ለካ ለማየት ጓጉቶ ኖሯል።

«የቆረጡትን ይንገሩኝ እስቲ» አለች ኢዛቲ በለሆሳስ።

ላባቸውን ጠረጉ። «መሪ። ፍሬን። ራዲያተር።»

«በተራራው መንገድ ላይ ከእነዚህ የትኛው ቢጎድል ይሻልዎታል?»

«ሳባሩዲን ግን ባለ ስድስቱን መኪናው ውስጥ አስገብቶት የለም እንዴ? ያ ኩዋላ ካንግሳር ከተማ የሚኖረው!»

«አስገብቷል። መኪናው አሁን የት ነው?»

ፓክ ሎንግ ወደ ሚስታቸው፣ ከዚያ ወደ መሬት አዩ። «...ዶሮ ይተኛበታል።»

«ለምን?»

«ሞተሩንና ሰውን የሚለየውን የብረት ግድግዳ ቆርጦት ነበር። የመኪና ምርመራ ላይ አላሳልፍ አሉት። ልመልሰው ቢል ደግሞ የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።»

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ሽማግሌው የሳባሩዲንን ታሪክ ከማንም በፊት ያውቁት ነበር። ነገር ግን በሌላው የደረሰውን አይቶ የራስን አሳብ ማረም ከባድ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚማረው መቀሱ በገዛ እጁ ሲገባ ነው።

ፓክ ሎንግ መቀሱን አስቀመጡና ከመኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲህ አይሆንም በይኛ። ለቁራሌው ልስጣት። ሪድዋንም በሰው መኪና ይሂድ።»

«አይሆንም አላልኩም፣ ፓክ ሎንግ። ሞተር መለወጥ ይቻላል። የማይቻለው ለፉከራ መርጦ መኪናዋን ለእሱ ማረድ ነው። የዚችኑ መኪና ታናሽ እኅት፣ ኋላ የወጣችውን ሞዴል፣ የሚያንቀሳቅስ ባለ አራት ፒስተን ሞተር ታውኬ ግቢ ጥግ ላይ አይቼ እሱንም ለክቼዋለሁ። ከድሮው ሞተርዎ የቀለለ ነው፣ ጉልበቱ ግን ከድሮው ይበልጣል።»

«ባለ አራት? ዘመድ ምን ይለኛል? ‹ባሃሩዲን ለሠርግ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ገጠመ› ሊሉኝ ነው?»

«ዳገት ላይ ቆመው በጀሪካን ውሃ ሲጨምሩ ቢያዩዎትስ ምን ይላሉ?»

«ውይ!» አሉ ማክ ሎንግ። «እኔም ከኋላ ሆኜ አብሬ ልገፋ ነው።»

ኢዛቲ ከተረፈው ካርቶን ሁለተኛውን ሞተር ሠራች። ፓክ ሎንግ መቀሱን ይዘው ተጠጉ። ካርቶኑ ገባ። በመሪው በኩል እጅ ያሳልፋል። ከፊቱ ለራዲያተር፣ ያውም ከድሮው ለሚሰፋ ራዲያተር ቦታ ተረፈ። ሽማግሌው በመቀሱ አንድም ነገር ሳይነኩ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አወረዱት። ቀጭ አለ።

በላዩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ከዚህ በኋላስ?» አሉ። ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸው የተከራካሪ ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ድምፅ ነበር።

«በመጀመሪያ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፈቃድ። ሞተር ቀይረን ኋላ ይቅርታ የምንጠይቅ ሳይሆን፣ ጠይቀን የምንቀይር እንሁን። ከዚያ ግማሽ መኪናውን ሙሉውን እንገዛለን፤ ሽቦውን አንድም ቦታ ሳንበጥስ። የግማሽ መኪናው ፍሬን ትልቅ ስለሆነ እሱንም እንወስዳለን። ሲያልቅ ደግሞ የሠርጉ ቀን ከመድረሱ በፊት ሰው ጭነን አጭር ዳገት ላይ እንሞክራታለን።»

«ዕቃ ሳይጭኑ ድልድይ መፈተን ዋጋ የለውም» አሉ ፓክ ሎንግ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ይሄንን እኔም አውቅ ነበር እኮ።»

ወደ ታውኬ ሲደውሉ ባለ ስድስቱን ለፈለገው እንዲሰጥ ነገሩት። «ከታመሙ ዶክተር ልላክ?» አለ ታውኬ።

«ጤነኛ ነኝ። ጥጉ ላይ ያለውን ትንሹን አቧራውን ጥረግልኝ።»

ሥራው ያለ እንቅፋት አልሄደም። አዲሱን ካምቢዮ ለመያዝ የድሮው መቀመጫ ብረት አልበቃ ብሎ ሌላ አሠሩ፤ የሙቀት ቆጣሪውም እስኪስተካከል ያስለፋ ነበር። ነገር ግን ችግሩ ሁሉ ወረቀት ላይ ሳለ የታየና የተጠበቀ ስለነበር ማንንም አላስደነገጠም። መኪናዋ ምርመራውንም አለፈች።

የሠርጉ ዋዜማ አጀቡ ከተራራው ግርጌ ካለችው ከጌሪክ ከተማ ተነሥቶ የዝሆን ማስጠንቀቂያ ምልክት ወደበዛበት ተራራ ወጣ። የሪድዋን የአጎት ልጅ የዛይዲ ሚኒባስ ከኋላ ትከተላለች። ፓክ ሎንግ በየኩርባው ዓይናቸውን ወደ ሙቀቱ መርፌ ይጥላሉ፤ መርፌው ከመሐል አይነቃነቅም። ሪድዋን ከጎናቸው ተቀምጦ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነበር። ዳገቱ እየገፋ ሲሄድ እጁ ቀስ እያለ ላላ።

ተራራው ጫፍ ላይ ካለው ማረፊያ ሲቆሙ ዛይዲ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። «ስንት ፈረስ ጉልበት አላት አጎቴ?»

«እሱን ተወው» አሉ ፓክ ሎንግ። «ስትወጣ አልጋለችም፤ ስትወርድ ትቆማለች። ወረቀቷ ንጹሕ ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢነዳት መሪዋ አይከዳውም። ሪድዋንም ሊወርሳት ቢፈልግ የተቆረጠ ነገር አያገኝባትም። አንተም ሞተር ልትለውጥ ካሰብክ ከመግዛትህ በፊት ለካ። በስንዝር አይደለም ታዲያ!»

ዛይዲ ሣቀ። ፓክ ሎንግ ቀና ሲሉ ሪድዋን አጠገባቸው አልነበረም። ወደ ሚኒባሱ ሄዶ የኋላውን በር ከፍቶ ነበር። ለካ የሠርግ ልብሱን፣ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ጨርቅና ቆቡን፣ ምናልባት የአባቱ መኪና መንገድ ላይ ብትቆም ብሎ ማንም ሳያየው እዚያ አስቀምጦት ኖሯል። ልብሱን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ መጣና የአባቱን መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ አስተካክሎ አጋደመው። ከዚያም በሩን በዝግታ ዘጋ።

«እንሂድ፣ አባ» አለ። «ይጠብቁናል።»