የሟቹ ስም በዕርቁ ደብዳቤ ላይ

ያን ዕለት ዝናብ ባይመጣ ኩብራ ወደ ሳቢት ቤት ጎራ ባላለች ነበር። ሳቢት ቺሮ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ፣ በብዕራቸው ስንቱን ከዳኛ ፊት ያቆሙ ሰው ናቸው። ልጅቷ ከበደሳ ከመጣ ሚኒባስ ወርዳ በራቸው ስትጠለል ግን ከኮምፒዩተራቸው ሁለት ክንድ ርቀው ቆመው አገኘቻቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ምነው፣ አመመዎት?»

«ወአለይኩም ሰላም። የተማርሽ ትመስያለሽ፤ እስቲ እዪልኝ። ይህ ኮምፒዩተር የባልደረባዬ የዓሊዩ ነበር፤ አላህ ይዘንለት፣ ከሞተ አርባ ቀኑ ነው። እኔ የምጽፈው ሁሉ ቀይ ይሆናል። ማውሱን ሳስጠጋ የጻፈው ዓሊዩ ነው ይለኛል፤ ቀኑ ደግሞ የዛሬ።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ደብዳቤ በመሬት ድንበር የተጣላ አንድ የቦኬ ወረዳ ቤተሰብ ለባላንጣው የሚልከው የዕርቅ ቃል ነው። ዓሊዩ ጀምሮት ነበር የሞተው። የሞተ ሰው ዛሬ ጠዋት እንዴት ይጽፋል?

«ባለጉዳዩ አስጽፎ ኋላ ይቅር ያለውን ‹ውሸታሞቹ› የሚል ቃል ደጋግሜ አጠፋሁት፤ መስመር ተሰምሮበት እዚያው ተቀምጧል። ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በፊት በቴሌግራም ለአስታራቂ ሽማግሌዎቹ መድረስ አለበት። ይህን ካዩ ዕርቁ ፈረሰ፣ ዱላ ይነሳል። ልጄ፣ ቁርዓን ሳይቀራበት፣ ሳይነበብበት አልነካውም።»

ኩብራ አልሳቀችም።

«ይቀራበት፣ ክፉ የለውም። ግን አባባ፣ እርስዎ ውል ሲያርሙ የተሰረዘው እንዲታወቅ አስምረው ጎኑ ላይ ያስፈርሙ የለም እንዴ? ይህም እሱኑ ነው የሚያደርገው። ትራክ ቼንጅስ ይባላል፣ የለውጥ መመዝገቢያ ማለት ነው፤ ዓሊዩ ከፍተውት ነበር። ፕሮግራሙ ላይ የተመዘገበውም የእሳቸው ስም ስለሆነ፣ ማንም ቢጽፍ በእሳቸው ስም ይይዘዋል።»

«እንግዲያው ዝጊው።»

ዘጋችው። ሳቢት አንድ ቃል ቢጽፉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ‹ውሸታሞቹ› ግን እንደ ቀላ ቀረ።

«ይኸው፣ አልሄደም» አሉ ቀስ ብለው።

«መዝጋቱ አዲሱ እንዳይመዘገብ ነው እንጂ የቀደመውን አያነሳም። ብንደብቀውም እነሱ ዘንድ ሲከፈት ብቅ ይላል። አንድ በአንድ እያነበብን እናጽድቀው፤ ያኔ ለዘለቄታው ይሄዳል።»

ያጸደቁት ስርዝ ሁሉ ከነስሙ ጠፋ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሳቢት እጇን ያዙ። ‹ጠላቶቻችን› ተሰርዞ ‹ጎረቤቶቻችን› ተብሏል።

«ይህን እኔ አልነካሁትም።»

ኩብራ ቀኑን አየች። «የዛሬ አርባ አንድ ቀን ነው፣ አባባ። ይህኛው የዓሊዩ የራሳቸው ነው።»

ዓሊዩ በሞተ ዋዜማ «ቃሉን ላለዝበው» ሲል ሳቢት «የባለጉዳይ ቃል አይነካም» ብለው ተቆጥተውት ነበር። እንደተቀያየሙ ተለያዩ። አሁን ቃሉን ደግመው አነበቡት።

«አጽድቂው» አሉ።

ደብዳቤው ጠርቶ፣ ከአስር ሶላት በፊት ሄደ። ቦኬ ላይ ዱላ አልተነሳም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቢት ፋይል ከመላካቸው በፊት መመዝገቢያውን ይዘጋሉ፣ ስርዙን አንብበው ያጸድቃሉ፣ እንደገና ከፍተው ያያሉ፤ ለሌሎቹ ጸሐፊዎችም ያስተምራሉ። የማያውቁትን ከመሸሽ መጠየቅ እንደሚሻል ገብቷቸዋል። ኩብራ ፕሮግራሙ ላይ ያለውን ስም በራስዎ ልቀይርልዎት ስትላቸው ግን እምቢ አሉ።

«እሱ ይቆይ» አሏት። «ስቆጣ የሚያርመኝ ሰው ያስፈልገኛል።»