የመዳቡ መረብና የወይዘሮ ተሾመች ሥጋት

ወይዘሮ ተሾመች ከሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣሉ። ልጃቸው ዋለ ከታንኳው ዘሎ ውሃ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የጎረቤታቸው የእንድሪስ ልጅ ሙስዓብ በዚያ ሲያልፍ አይቷቸው ሰላም ሊላቸው ጎንበስ ቢል፣ "ቆይ፣ እስኪወጣ!" አሉት። ሙስዓብ የዓሣ እርባታ ተምሮ የተመለሰ ጎልማሳ ነው።

ዋለ ወጣ። ክንዱን የመረብ ክር ጠልፎ ሸርክቶታል። እሱ ሳቀ፤ እናቱ አልሳቁም።

"ዛሬም መረብ ሊያጥብ ነው የገባው እትዬ?" አለ ሙስዓብ።

"ሌላ ምን አለና! ዓሣውን ሐይቁ ውስጥ የምናረባበት በረት መረቡ ናይለን ነው። ባጠብነው በሳምንቱ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ዝልግልግ ይወርሰዋል። ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው አይመላለስም፤ ቆሮሶ ዓሣው አየር አጥሮት አፉን ይከፍታል። ልጄ ካልገባ ዓሣው ያልቃል፤ ከገባ እኔ አልቃለሁ።"

"ከመዳብ ቅይጥ ሽቦ የሚሠራ መረብ አለ። አልጌ እንደ ልቡ አይለጠፍበትም። ለሙከራ የሚሆን ላስመጣልዎት እችላለሁ።"

"መዳብ? ሎሚ ያደረበት የመዳብ ሳህን አረንጓዴ ሲያወጣ እናቴ ለውሻ እንኳ አትሰጥበትም ነበር! ያን መርዝ ሰው ከሚበላው ዓሣ ጋር ልትከትልኝ?"

የአዛውንትን ጥርጣሬ "ኋላ ቀርነት" ብሎ የሚያልፍ የተማረ ሰው ብዙ ነው። ሙስዓብ ግን እንደ ጥያቄ ቆጠረው፤ ግማሹ ክርክር እዚያ ላይ ቀለለ።

"እውነትዎን ነው። ኮምጣጣ ነገር መዳብን ይበላዋል። የሐይቃችን ውሃ ግን ኮምጣጣ አይደለም። ሽቦው የሚለቀው ጥቂት ነው፤ ላዩ ላይ የሚለጠፈውን ይከለክላል። ቢሆንም ይመኑኝ አልልም። ለጫጩት ዓሣ ያሰጋልና ትልልቆቹን ብቻ በትንሽ በረት እንሞክር። ውሃውንም ሥጋውንም እናስመርምር።"

"ሌባስ? የመብራት ሽቦ የሚቆርጥ ሰው የኔን መረብ ይምራል?"

"ወላሂ፣ እሱ እኔንም ያሰጋኛል። ከዓሣ አርቢዎች ማኅበራችን ጋር በየቤቱ እየተፈራረቅን የምንጠብቅበት ተራ ማውጣት አለብን።"

ወይዘሮዋ እያጉረመረሙ እሺ አሉ። ትንሹ በረት ከገባ ወዲህ ግን ሥጋቱ ባሰባቸው። ጎህ ሲቀድ እየሄዱ ውሃውን ያሸታሉ፣ ዓሣውን ይቆጥራሉ። አንድ ጠዋት ሙስዓብን ከቤቱ ጠርተው አወጡት።

"ና እይ! አረንጓዴ አወጣ አላልኩህም!"

"አብሽሩ እትዬ። አረንጓዴው ሽቦውን ሸፍኖ እንደ ልብስ ይጠብቀዋል። ዓሣውን ይዩት እንጂ።"

ዓሣው ደህና ነበር። የምርመራው ውጤት ሲመጣም ለመብላት የሚያሰጋ ነገር አልተገኘበትም። ወይዘሮ ተሾመች ግን ገና "እስኪ እንይ" ይሉ ነበር።

ከከባድ ዝናብ በኋላ ሐይቁ ደፈረሰ። መረቡ በአልጌ በተደፈነው በናይለኑ በረት ያለው ቆሮሶ ሁሉ ላይ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ጀመር። በመዳቡ ውስጥ ያለው ግን ውሃው እንደ ልብ ስለሚያልፍበት ጥቂት ብቻ ተንገላታ። ሙስዓብም ሮጦ ደረሰ። ዋለ ብሩሹን ይዞ ሸሚዙን ሲያወልቅ እናቱ ክንዱን ያዙት።

"አትገባም!"

"እማ፣ ያልቃል እኮ!"

"ይለቅ! ሙስዓብ፣ ከታንኳው ላይ ሆነን እየጨለፍን ወደ መዳቡ እናዛውረው።"

የቻሉትን ያህል አዛወሩ። በናይለኑ ከቀረው ግን ግማሹ ሞተ። ወይዘሮዋ የሞተውን ዓሣ ሲለቅሙ፣ "እኔ ነኝ መረቡን ያዘገየሁት" አሉ። ሙስዓብም "ሳይመረመር ገብቶ ዓሣውን ቢጎዳ ኖሮ ጥፋተኛው እኔ በሆንኩ" አላቸው።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የተነሡት እሳቸው ናቸው። "ውድ ነው፤ አልዋሽም። ግን ዓሣው ይተነፍሳል፤ በሽታው ይቀንሳል፤ መረቡ ቶሎ አይቀደድም። ሲያረጅም ቀልጦ እንደገና ይሠራል፤ የናይለኑ ቁራጭ ግን ሐይቅ ላይ ቀርቶ የውሃ ወፍ ያንቃል። ተራ ጥበቃውንም ከኔ ቤት ጀምሩ።"

ዋለ ዛሬም ሐይቅ ይገባል፤ የበረቱ መረብ ሁሉ መዳብ ሆኗልና ለመዋኘት ነው። እናቱም አይከለክሉትም።