የማሽኑ ዓይን

አቃቂ፣ ቆርቆሮ በማሽን እየተጫነ የሚቀረጽበት አንድ ወርክሾፕ፤ መብራት ጠፍቷል፤ ባለቤቱ ጎሹ የጀርባውን ክፍል ከውስጥ ቆልፎ፣ በአንድ እጁ ፌሮ ብረት፣ በሌላው የማሽኑን መቆጣጠሪያ ቦርድ የሠራችውን የመሐንዲሷን የትርሲትን ክንድ ጨብጧል።

ትርሲት፦ ጋሼ ልቀቀኝ፤ ክንዴ ሊሰበር ነው።

ጎሹ፦ ይሰበር። የወንድሜ ጣቶች ቆርቆሮው ላይ ቀርተዋል። እጅ ካየ ማሽኑን ያቆማል ያልሽኝ ዓይን የት ሄዶ ነው?

ትርሲት፦ ባንተው ፊት ሞክሬዋለሁ። እንጨት ሳስገባ ቀጥ አላለም?

ጎሹ፦ ብሏል።

ትርሲት፦ እንግዲህ ወንድምህ ይታገሱ ራሱ ነካክቶት ነው። እሱ መቼ እጁ ያርፋል።

ጎሹ፦ ደሙ ሳይደርቅ በሱ ታላክኪያለሽ? እጅሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊ።

ትርሲት፦ በእናትህ ጋሼ።

ጎሹ፦ እናቴ ሆስፒታል በር ላይ ፊቷን እየነጨች ነው። ዘርጊ አልኩሽ። ጥፋተኛውን በዚህ ብረት ልጨርሰው ምያለሁ።

ትርሲት፦ ፖሊስ ይምጣና ይመርምረው።

ጎሹ፦ እስኪመጣ ሚስቴ አጥባ ትጨርሳለች።

ትርሲት፦ ምኑን ነው የምታጥበው?

ጎሹ፦ ማሽኑን ነዋ። የይታገሱን ደም ለውሻ ትተው? እስከ ክንዷ ገብታ እየፈተገች ነው።

ትርሲት፦ ማብሪያውን ማን አጠፋው?

ጎሹ፦ ማንም። መብራት ሲሄድ ራሱ ቆመ።

ትርሲት፦ በሩን ክፈት።

ጎሹ፦ መውጫ አገኘሽ ማለት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ።

ትርሲት፦ እኔ ነኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ስማኝ። የቦርዱ ሲስተም ከተነሳ በኋላ፣ የሚጠቀምበት ዕቃ ያልተመዘገበለትን የኃይል መስመር ሁሉ ይዘጋል። የዓይኑን መስመር «ሁልጊዜ ይብራ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

ጎሹ፦ ስንሞክረው ይሠራ ነበር እኮ።

ትርሲት፦ እንዳበራነው ወዲያው ስለሞከርነው ነው። ግማሽ ደቂቃ ያያል፤ ከዚያ ኃይሉ ይዘጋበታል። ያኔ ማሽኑ እጅ የለም ብሎ ይጫናል። ማብሪያው ስላልጠፋ ደግሞ መብራት እንደመጣ ራሱ ይነሳል።

ጎሹ፦ እና እስካሁን ጥፋተኛው ይታገሱ ነው ስትይኝ…

ትርሲት፦ ሞት ፈርቼ ዋሸሁህ።

ጎሹ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀና በይ። እኔ መሐላዬን አላፈርስም።

ትርሲት፦ አታፍርስ። መጀመሪያ ሚስትህን አውጣ፤ ስትመለስ እዚሁ ታገኘኛለህ።

ጎሹ፦ ብትዋሺኝስ? አንዴ ዋሽተሻል።

ትርሲት፦ አምፖሉን እየው ጋሼ፣ በራ። ግማሽ ደቂቃ ነው ያላት፤ ቁልፉ ደግሞ ያንተ ኪስ ውስጥ ነው።