በጋሽ ቦና ጓሮ የሚያልፈው መስመር

ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር የሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ሁሉ አንዲት ጠባብ የሰፈር መንገድ ውስጥ ገባና ተጣብቆ ቆመ። ጉም ከእንጦጦ ወርዶ መስታወቱ ላይ ተኝቷል። ሸማኔው ጋሽ ቦና አንዱ ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ሲነቁ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ አወቋት። ሰርካለም ናት፣ የስልክ መስመር የምታቅደው። ባለፈው ጓሯቸውን ልትለካ መጥታ መልሰዋት ነበር።

«ደግሞ መጣሽ! ጉድጓዴን ልትደፍኝ?»

ጓሮ ካለው ጨለማ ጎጆ ውስጥ፣ መስመሩ በሚያልፍበት፣ እግራቸውን ከተው የሚሸምኑበትን ጉድጓድ ማለታቸው ነው። ዕድሜያቸው ያለቀው እዚያ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቁርጡን ይንገሩኝ። እምቢ ካሉ አለቆቼ መተኪያ የሚሆነውን ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቦይ ውስጥ ይቀብሩታል።»

«ይቅበሩታ! ጎን ለጎን ተኝተው ይጫወቱ።»

«አንድ ዶማ ሁለቱንም ቢቆርጥስ? ሰፈራችሁ ቁስቋም በሙሉ ድምፅ አይኖረውም። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ በምን ትጠራለች?»

«እስኪቆረጥ ድረስ ያንቺ ሁለተኛ ምን ይሠራል?»

«ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።»

«ሰነፍ ነዋ!»

ሥራ ፈት ነገር ሸማኔ አይወድም። ሰርካለም ወደ ውጭ አሳየቻቸው።

«ይቺን መንገድ ይዩዋት። መዞሪያ ናት፣ ግን የሁሉን መኪና አትችልም። መተኪያ መስመርም ስፋቱ ቀድሞ ካልታሰበ እንዲህ ይታፈናል።»

«ታዲያ ለየመስመሩ መተኪያ ልትቀብሪ ነው? ሀገሩ ቦይ ሆኖ ቀረ በያ!»

«እድራችሁ ለየቤቱ ድንኳን ገዝቷል?»

«ምን ሲደረግ! ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ይሞታል እንዴ? ሁለት ይበቃል፣ ለቅሶ ቢደራረብ።»

«መስመርም ሁሉም ባንድ ቀን አይቆረጥም። ትርፉን መስመር ይጋሩታል።»

ጋሽ ቦናን እንቅልፍ መልሶ ሸለብ አደረጋቸው። ዓይናቸውን ከደን ሲያደርጉ ድምፆች እንደ ሰው በጉሙ ውስጥ ሲሄዱ ታዩዋቸው። ቦዩ ሲዘጋባቸው ዞሩ፤ ኮቴ ሳያሰሙ በባህር ዛፉ ሥር፣ በእሳቸው ጓሮ ሽቅብ ወጡ። አንዷ የምታምጥ ሴት ድምፅ ነበረች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች።

«እለፊ» አሏት።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ቆፍሪ አልኩሽ! አትሰሚም?»

ሰርካለም እጃቸውን ያዘች። «እንግዲህ ጎርፍ ቦዩን ጠራርጎ ቢወስደው እንኳ ጥሪው በእናንተ በኩል ዞሮ ይገባል። አምቡላንሱም ይደርሳል፣ ነጠላ ሻጩም ደንበኛውን አያጣም። መቆረጡን የሚያውቀው ጠጋኙ ብቻ ነው።»

ጋሽ ቦና ቤት እንደገቡ ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታ፣ አዲስ የሽመና ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ሚስታቸው ብርነሽ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እኔ ‹ጨለማው ዓይንህን ጨረሰው፣ ወደ ብርሃኑ ውጣ› ስልህ ኖሬ፣ ለሽቦ ሲሆን ወጣህ?»